ከሐጂራ ጋን የጠጣው መኪና

ሰው የለመደውን ጥፋት ጥፋት ብሎ አይጠራውም። ወይ «ዘዴ» ይለዋል፣ ወይ «ወጉ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ሲና ሰውና እህል ያመላልስ የነበረው ዘርትሁን እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ክፉ አልነበረም። ለነፍሰ ጡር የፊት ወንበሩን የሚለቅ፣ ሽማግሌ እጅ ይዞ የሚያወርድ፣ ሲነዳም ሲቆምም ጨዋታ የማይለየው ሾፌር ነበር። ችግሩ ከአሮጌው ላንድሮቨሩ ላይ ነው። መኪናው ውሃ ይወዳል።

የሞተሩ ማራገቢያ፣ ሾፌሮች ቬንትላተር የሚሉት፣ ድሮ አራት ክንፍ ነበረው። አንዱ ተሰብሮ ሲወድቅ ዘርትሁን «እንዳይንቀጠቀጥ» ብሎ ትይዩውን በመጋዝ ቆርጦ ጣለውና ሁለት አስቀረ። በዚያ በደርግ ዘመን መለዋወጫ እንደ ልብ አይገኝምና «ለጊዜው ነው» አለ። ያ «ለጊዜው» ዓመት በዓመት ላይ እየተደረበ ከመኪናው ጋር አብሮ አረጀ። ሁለት ክንፍ ደግሞ ለይፋት ቆላ ሙቀትና ለደብረ ሲና ዳገት የሚበቃ ነፋስ አይስብም። ስለዚህ መኪናው ሽቅብ በወጣ ቁጥር ይፈላል፤ ዘርትሁንም ወርዶ ኮፈኑን ይከፍትና ራዲያተሩን ውሃ ያጠጣዋል።

ውሃውን ከየት ያመጣል? የነገሩ ቋጠሮ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዳገቱ ሊጀምር ሲል ከመንገዱ ዳር አንድ ትልቅ ግራር አለ። ከግራሩ ሥር ወገቡ ድረስ በመሬት የተቀበረ ጋን ይቀመጣል፤ ከጎኑ በገመድ የታሰረ ጣሳ አለ። የጋኑ ባለቤት እትዬ ሐጂራ ናቸው። ባላቸው አብዱልሃዲ የሞቱ ጊዜ ለነፍሳቸው ሰደቃ እንዲሆን ብለው ተከሉት። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ከምራታቸው ከፋዲላ ጋር ከወንዝ በእንስራ እየቀዱ ይሞሉታል። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ነጋዴውም ከብት ነጂውም ከዚያ ይጠጣል፤ መርቆም ይሄዳል። «ሰው ሲጠጣው ለአብዱልሃዲ ይደርሰዋል» ይላሉ እትዬ ሐጂራ።

ዘርትሁንም ከጋኑ አጠገብ ሳይቆም አልፎ አያውቅም። ተሳፋሪው ስለ መኪናው «እመቤቲቱ ጠማት» እያለ እየሳቀ ይወርዳል፤ ጣሳው ከገመዱ ተፈትቶ ከጋኑ ወደ ኮፈኑ፣ ከኮፈኑ ወደ ጋኑ ይመላለሳል። ጨዋታ ነበር። ማንም ክፉ ነገር እየሠራ አልመሰለውም። አንድ ቀን ብቻ እትዬ ሐጂራ ከጎጇቸው ወጥተው ጋኑን ጎንበስ ብለው አዩና ተናገሩ።

«ልጄ፣ ይህ ውሃ እኮ የመንገደኛ ነው።»

«ታዲያ መኪናዬስ መንገደኛ አይደለችም እትዬ ሐጂራ? ይህን ሁሉ ሰው ተሸክማ ከእሷ የበለጠ መንገደኛ ከየት ያገኛሉ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። እትዬ ሐጂራ ዝም አሉ። ለሰደቃ የተቀመጠ ውሃ አይከለከልም፤ ከለከሉ ማለት የሰጡትን መልሰው ወሰዱ ማለት ነው። ዝም ማለታቸውን ዘርትሁን እንደ እሺታ ቆጠረው። የቸር ሰው ዝምታ እንዲህ እየተባለ ስንት ጊዜ እንደ ፈቃድ ይቆጠራል!

የሚመክረው ሰው አልጠፋም ነበር። በሸዋ ሮቢት ጋራዥ ያለው መካኒኩ በድሩ፣ ከተገለበጠች ትንሽ መኪና ያወጣውን በባትሪ የሚሠራ ቬንትላተር ግድግዳው ላይ ሰቅሎ «ይህን ልግጠምልህ» እያለ ይወተውተው ነበር። ክንፉ ሙሉ ነው፤ ሞተሩ ቀስ ሲልም ሆነ ሲቆም በራሱ ኃይል ይዞራል። በዚያ ላይ በፈላ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ አንድ ቀን ቴስታታውን፣ የሞተሩን ራስ፣ ለሁለት እንደሚሰነጥቀው አስጠንቅቆታል። ዘርትሁን ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ሆነ።

«የመብራት ማራገቢያ?» አለ እየሳቀ። «ሞተሬ ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣ ጓድ መሰለህ? ጋኑ እያለልኝ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኔ?» ጋኑን ተማምኖ አንዲት ጀሪካን እንኳ ከመኪናው ላይ አይጭንም ነበር።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በልጉ ቀረ። ወንዙ ከላይ ደርቆ አሸዋ ሆነ። እነ እትዬ ሐጂራ አሸዋውን በእጃቸው እየጫሩ፣ የምትመነጨውን ጠብታ በቅል እየጨለፉ አንዷን እንስራ ለመሙላት ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ጀመር። ያም ሆኖ ጋኑን አልተዉትም። ዘርትሁንም ልማዱን አልተወም።

በዚያው ሰሞን የዘርትሁን ሚስት ፈለቀች ሸዋ ሮቢት ላይ ወለደች። እናቱ ወይዘሮ ውባለም ከዳገቱ ወገብ ላይ ባለች መንደር ይኖሩ ነበርና አራሷን ሊጠይቁ ቅቤና የገንፎ ዱቄት አዘጋጁ። ዘርትሁን በገበያ ቀን ማለዳ ሽቅብ ሲወጣ አያቸውና «ሰው አድርሼ ስመለስ እወስድሻለሁ፣ ከመንገድ ዳር ጠብቂኝ» ብሏቸው አለፈ። ከዚያ በፊት ከግራሩ ሥር ቆሞ የጋኑን ውሃ እስከ አተላው ለራዲያተሩ አጠጥቶ ነበር።

ያም ውሃ አልበቃም። ደብረ ሲና ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው መኪናው እንደገና ፈላ። ውሃ የሚሰጥ መኪና እስኪያልፍ፣ ሞተሩም እስኪበርድ ፀሐይ አናት ላይ ወጣች። ወይዘሮ ውባለም ጠበቁ፣ ጠበቁ። ልጃቸው ሲዘገይ አገልግላቸውን አዝለው ቁልቁል በእግር ጀመሩ። ከቤት ውሃ አልያዙም፤ የሐጂራ ጋን እንዳለ ያውቃሉ። አገር ሁሉ ያውቃል።

ዘርትሁን ከሰዓት በኋላ ቁልቁል ሲመለስ እናቱን ከቀጠሯቸው ቦታ አጣቸው። «ወደ ቤት ተመልሳ ይሆናል» ብሎ አለፈ። ግራሩ ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ቆመ፤ እንደ ልማዱም ወደ ጣሳው ሄደ። ከጋኑ አጠገብ አንዲት ሴት በጎናቸው ተኝተዋል። ነጠላውን አወቀው፤ አገልግሉንም አወቀው።

«እማዬ!»

ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ እንጂ አልመለሱለትም። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዘርትሁን ጋኑን ቢያጋድለው ደረቅ ነው። ወደ ጎጆው ቢጣራ ሰው የለም፤ እነ እትዬ ሐጂራ ወንዝ ወርደዋል። ተሳፋሪውን ቢጠይቅ ውሃ የያዘ አልተገኘም። በዚያ ሁሉ ምድረ በዳ ውሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ።

መኪናው ሥር ገብቶ የራዲያተሩን ማፍሰሻ በጣቱ ላላ አደረገና ጣሳውን ደገነ። እጁን እያቃጠለ የወረደው ነገር ቀይ ነበር፤ ዝገት ዝገትና ዘይት ዘይት ይሸታል። ያቺን ጣሳ ይዞ እናቱ ፊት ተንበረከከ። ማለዳ ከጋኑ የቀዳው ያ የጠራ ውሃ ይኸው ነው። ለእናት ከንፈር የማይሆን ውሃ! አፈሩ ላይ ደፋው፤ እንባው ቀደመው።

እትዬ ሐጂራ የደረሱት ያኔ ነው። ግማሽ የሞላች እንስራቸውን ከጀርባቸው አወረዱ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ነክረው የወይዘሮ ውባለምን ከንፈር አራሱ፤ ከዚያም በጣታቸው፣ ከዚያም በጣሳ ቀስ እያሉ አጠጧቸው። ውባለም ነፍስ ዘሩ። ተደግፈው ቁጭ እንዳሉ ደረቁን ጋን አዩና እትዬ ሐጂራን በቅሬታ ተመለከቱ።

«ምነው ሐጂራ፣ ጋኑን ተውሽው እንዴ? አንቺ እንዲህ አልነበርሽም።»

ተሳፋሪው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እትዬ ሐጂራ አንዴ ዘርትሁንን፣ አንዴ መኪናውን ተመለከቱና «አፉ በይኝ እህቴ፣ ዛሬ ረፍዶብኝ ነው» አሉ።

ይህን ጊዜ ነው የዘርትሁን ልብ የተሰበረው። ቢሰድቡት ይመልስ ነበር፤ ቢከሱት ይከራከር ነበር። ጥፋቱን እሳቸው ሲሸከሙለት ግን መቆሚያ አጣ።

«ውሸታቸውን ነው እማዬ» አለ። «እሳቸው ውሃ አኑረውበት ነበር። የጨረስኩት እኔ ነኝ። አንቺ የምትጠጪውን መኪናዬን አጠጣሁት።»

እናቱን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ከፊት ወንበር አስቀመጣቸው፤ መኪናውን እያሳረፈ ሸዋ ሮቢት አደረሳቸውና ጤና ጣቢያ አሳያቸው። አዲሱን የልጅ ልጃቸውንም አቀፉ። በማግስቱ ማለዳ ዘርትሁን በበድሩ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ ነበር። በድሩ ወዲያው ኮፈኑን ከፈተ። ነገሩን ከተማው ሁሉ ሰምቶታል።

ሁለቱን ክንፍ ፈትተው ጣሉት። ራዲያተሩ ወጥቶ ውስጡ በዝገትና በአሸዋ የተደፈነው ቱቦ ሁሉ እስኪጠራ ተጠረገ። በድሩ ከግድግዳው ያወረደውን ቬንትላተር በብረት ክፈፍ አስሮ ከራዲያተሩ ጀርባ ተከለው። አሮጌው ዲናሞ ይህን ሁሉ አይችልም፣ ባትሪውን ይጨርሰዋል ብሎ ከዚያችው ከተገለበጠችው መኪና ባወጣው አልተርኔተር፣ በብርቱው ኃይል አመንጪ፣ ቀየረው። የኤሌክትሪኩ ሽቦ እንዳይቃጠል ቫልቮላ አስገባለት። ዘርትሁን «ማብሪያውን ከመሪው ሥር አድርግልኝ፣ ሲያስፈልግ አበራዋለሁ» ቢለው በድሩ ራሱን ነቀነቀ።

«ወላሂ አላደርገውም» አለ። «ጀሪካን መያዝ ያላስታወስክ ሰው ማራገቢያ ማብራት ታስታውሳለህ? ራዲያተሩ ላይ ሙቀት የሚያውቅ ማብሪያ እተክላለሁ። ሲሞቅ ራሱ ያበራል፣ ሲበርድ ራሱ ያጠፋል።»

ዘርትሁን ተሸነፈ፤ መሸነፉም ደስ አለው። በመጨረሻ በድሩ ከሲጋራ ፓኮ ላይ ወረቀት ቀዶ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ያዘና ቬንትላተሩን አስነሳው። ወረቀቱ ከእጁ ተነጥቆ ራዲያተሩ ላይ ተለጠፈ። «እንዲህ ነው፤ ነፋሱን ወደ ውስጥ ይሳብ። ገልብጠህ ብታስረው ወደ ፊት እየነፋ ከመንገዱ ነፋስ ጋር ይጣላል» አለው።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የዘርትሁን ችግር ሥሩ የተሰበረ ክንፍ ነበር፤ እሱ ግን ያን ትቶ በሰው ደግነት ላይ ኖረ። ደግ ሰው አይከለክልም ብለን የራሳችንን ጉድለት በእሱ ትከሻ ላይ ስንጭን፣ ጫፉ የት ደርሶ ማንን እንደሚያስጠማ አናውቅም። ምናልባት ከሁሉ የምንወደውን ይሆናል። የቸር ሰው ደጅ የችግረኛ ማረፊያ ነው እንጂ የሰነፍ መደበቂያ አይደለም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ላንድሮቨሩ ሰው ሞልቶ ሽቅብ ተነሳ። ግራሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ተሳፋሪው «እመቤቲቱ ጠማት» ብሎ ሊወርድ ሲል ዘርትሁን ከኋላ ሁለት ጀሪካን አወረደ፤ ከሸዋ ሮቢት ቧንቧ የተቀዳ ውሃ ነው። እትዬ ሐጂራ የመኪናውን ድምፅ ሰምተው ወጡና እንደ ልማዳቸው ጣሳውን ነክረው ወደ ኮፈኑ አቀረቡለት። እሱ ራሱን ነቀነቀና ጀሪካኑን ጋኑ ውስጥ ገለበጠው። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ከኮፈኑ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶም በራሱ ዝም አለ።

«ምንድን ነው የሚጮኸው?» አሉ እትዬ ሐጂራ።

«ማራገቢያ ነው። ከእንግዲህ መኪናዬ የእርስዎን ውሃ አትፈልግም።»

ጣሳው አሁንም በእጃቸው እንደ ሞላ ነው። ዘርትሁን ተቀበላቸውና ቆሞ ጠጣ። ከመሬት የተቀበረ ጋን ውሃ እንደዚያ የሚቀዘቅዝ፣ ያቺ የሸክላ ጣዕምም እንዲያ የምትጥም አልመሰለውም ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ ከዚያ ጋን ቀድቷል፤ አንድ ቀን እንኳ ግን ወደ ራሱ አፍ አላደረሰውም።

ጠብታ ሳያስቀር ጨርሶ ጣሳውን መለሰላቸው። «አላህ ይስጥልኝ እትዬ ሐጂራ» አለ፤ በእሳቸው አነጋገር።

እትዬ ሐጂራ ጣሳውን ከገመዱ ላይ አሰሩ፤ የጋኑንም ክዳን አስተካከሉ።

«ያንተስ ለአብዱልሃዲ የደረሰው ገና ዛሬ ነው» አሉት።