ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅ

ከአዲስ አበባ ስምንት የፋሽን ዲዛይን ተማሪዎች ጆሃንስበርግ የሄድነው ለአሥር ቀን ሥልጠና ነበር። አሠልጣኛችን ኦጋዋ የሚባሉ ጃፓናዊት ናቸው። በመጀመሪያው ቀን መቀስም ሜትርም ከለከሉን።

«ለሌላ ሰው ነው የምትሠሩት። ሰውየውን በክር ለኩት፤ በየልኩ ላይ ቋጠሮ እሰሩ» አሉን።

እኔ ደግሞ መጠበቅ አይሆንልኝም። ክር ስቋጥር ልክረም?

ጨርቅ ፍለጋ ፎርድስበርግ የሚባል የገበያ ሰፈር ሄድኩ። አንድ ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት አሮጊት ደንበኛውን በአገሩ አነጋገር «ሻርፕ፣ ጎጎ!»፣ ደህና ሁኚ እማማ፣ ብሎ ይሸኛል። እኔ በስልክ ለጓደኛዬ ሱቁ ጠባብ ነው እያልኩ በአማርኛ ስነጫነጭ ሰምቶ ዞረ።

«አበሻ ነሽ? ምነው ሱቄን አማሽው?»

«ያንተ መሆኑን በምን አውቄ! ይኼ ሰማያዊው ስንት ነው?»

«ሽዌሽዌ ነው። እዚህ አገር ሙሽሮች ይለብሱታል። ሳትቆርጪው እጠቢው፤ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል።»

«አውቃለሁ።»

አላውቅም ነበር።

ስሙ ሱፊያን ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከወራቤ ወጥቶ፣ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ስፓዛ በሚሉት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ፣ አሁን ከአጎቱ ከከቢር ጋር ጨርቅ ይሸጣል። ይህን ሁሉ የነገረኝ በክር ስለካው ነው። የምለካው ሰው አጥቼ ነበር እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ቢያንስ በዚያን ቀን።

«ትከሻህን አታንሳ።»

«እኔ አላነሳሁም፤ ስትጠጊኝ ራሱ ነው የሚነሳው።»

ቋጠሮው ከእጄ አመለጠ። እንደገና ለካሁ። ደረቱ ላይ ስደርስ ትንፋሹን እንደያዘ ገባኝ።

«ተንፍስ፤ ሸሚዙ ይጠብሃል።»

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የሚጎድለኝ ነገር አላጣሁም፤ አንድ ቀን ቁልፍ፣ አንድ ቀን መርፌ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ምሳ ጋበዘኝ። እሑድ ተመላሽ ነኝ፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ አልፈለግኩም።

«አዲስ አበባ መቼ ትመጣለህ?»

ሹካውን አስቀመጠ። «ሙርሺዳ፣ ያለሁት በጥገኝነት ወረቀት ነው። ከወጣሁ መመለስ የለም። የስድስት ዓመት ልፋቴ ደግሞ እዚህ ነው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ጠይቄያለሁ።»

«መቼ ይሰጡሃል?»

«ኢንሻ አላህ።»

«ቀን እኮ ነው የጠየቅኩህ!»

ሹካውን አንስቶ መብላቱን ቀጠለ። ይኼ የባሰ አናደደኝ። ማሠልጠኛው ተመልሼ ጨርቁን ሳላጥብ ቆረጥኩት፤ ያኑ ዕለት ሰፍቼ ጨረስኩ። ቅዳሜ ጠዋት የጠመኔው ምልክት እንዲለቅ አጠብኩት። ስተኩሰው እጅጌው አራት ጣት አጥሯል። ማልቀስ አልወድም፤ ግን አለቀስኩ።

ማታ ለሚቀርበው የሥልጠናው መዝጊያ ትርኢት እያንዳንዱን ልብስ የተለካው ሰው ራሱ መልበስ ነበረበት። ደወልኩለት።

«አትምጣ። ሸሚዙ አጥሯል።»

«ሳታጥቢው ቆረጥሽው?»

«አዎ።»

መጣ። ለበሰው። የእጁ አንጓ ከእጅጌው ወጥቶ፣ ቁልፎቹ ተወጥረው፣ ሠርጉ ላይ እንዳለ ሰው ቀስ ብሎ አዳራሹን ዞረ። ሰው ሳቀ። እሱ የሚያየው እኔን ብቻ ነበር።

ኦጋዋ አጠገቤ መጡ።

«ክሩ አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ልኩ አልጠፋም» ብለው አለፉ።

እሑድ ኤርፖርት ሲሸኘኝ በፌስታል ያንኑ ሰማያዊ ጨርቅ ሰጠኝ።

«ሌላ ሥሪልኝ።»

«ሠርቼ ልላክልህ?»

«አትላኪው። መጥቼ እለብሰዋለሁ።»

«እስከዚያ ብትወፍርስ?»

«ትለኪኛለሽ።»

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ወረቀቱ አልወጣም። ክሩ ከነቋጠሮዎቹ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ትናንት ሲደውል ድምፁ ልክ አልነበረም።

«ሙርሺዳ፣ መጠበቅ እንደማትወጂ አውቃለሁ። ከሰለቸሽ ንገሪኝ፤ አልቀየምም። ጨርቁንስ ቆረጥሽው?»

«አልቆረጥኩትም» አልኩት። «አጥቤዋለሁ። ሁለት ጊዜ።»

«እንግዲያው ከእንግዲህ አያጥርም» አለኝ። ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ገባው።