ያልተመዘነው ቱቦ

ሰው ያላየውን ሁሉ የሚያይ፣ ዘመናትንም በእጁ የያዘ እግዚአብሔር፣ የተሰወረውን በወደደው ጊዜ ይገልጣል። ይህም ነገር በእርሱ ፈቃድ የተገለጠው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ኅዳር፣ በላሊበላ ከተማ ነው።

ሃምሳ አለቃ ከፋለ ሬሳ እንዲያይ ሲጠራ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሃያ ስድስት ዓመት በፖሊስነት ሲያገለግል ብዙ አይቷል፤ «ማን ገደለው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ የሚያስጠይቅበት ዘመን ግን አጋጥሞት አያውቅም። ደክሞታል።

ሟቹ አቶ ሰጠኝ ከአዲስ አበባ የመጣ የዓሣ ባለሙያ ነው። ከሙጃ በላይ በብርዳም ተራራ ላይ ባለች ትንሽ ሐይቅ፣ ከዓመታት በፊት የተለቀቁ የቀዝቃዛ ውሃ ዓሦች ተርፈው እንደሆነ በመንጠቆ ሊፈትን ወጥቶ፣ በአምስተኛው ቀን በበቅሎ ተጭኖ ተመለሰ። ከፋለ የሬሳውን ራስ አዙሮ ተመለከተ። ከማጅራቱ በላይ ያለው ቁስል እንደ ጣሳ አፍ የከበበ ግማሽ ቀለበት ነበር። ድንጋይ እንዲህ አድርጎ አይቆርጥም።

አብረውት የወጡት ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የመሥሪያ ቤት ረዳቱ ሙሉሃብት፣ መንገድ መሪ የሆነው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞላ፣ ባለበቅሎው ምስጋኑ። ምስጋኑ ታስሯል። ሞላ «ፀረ አብዮት» ብሎ ጽፎበት፣ በማግስቱ ጠዋት ወደ ወልድያ በሚወርደው መኪና እንዲሄድ ተወስኗል። በዚያ ዓመት እንዲህ ተጽፎበት ከሄደ ሰው አንድም የተመለሰ ከፋለ አላየም።

ሞላ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ እርሱ ከታች ካሉ ገበሬዎች ቤት እሳት ሊለምን ወርዶ እንደነበር ተናገረ። ገበሬዎቹም አረጋገጡለት፤ የጠመንጃው ሰደፍ ቢሆን ማዕዘን ያለው ነው።

«ታዲያ ምስጋኑን በምን ጠረጠርከው?»

«ተጣልተው ነበራ። ሐይቁ ዳር ጭነት ሲራገፍ ሟቹ ድንጋይ አገኘ። ‹እኔ ለክብደቱ ብዬ የውሃ ጫማዬን ቤቴ ትቼ ስመጣ፣ አንተ ድንጋይ ትጭናለህ?› ብሎ ተቆጣው። ይኼም አፍጥጦ መለሰለት።»

«ምን ብሎ?»

«የባለበቅሎ ወሬ ያልቃል ብለህ ነው ሃምሳ አለቃ? ትቼው ወረድኩ።»

ረዳቱ ሙሉሃብት ዓይኑ በልቅሶ ያበጠ፣ ንግግሩ የተቆጠበ ወጣት ነው። እርሱ በሐይቁ ማዶ የውሃውን ጥልቀት ሲለካ ቆይቶ ሲመለስ፣ አለቃው በግንባሩ ውሃ ውስጥ ተደፍቶ እንዳገኘው አስረዳ። የሟቹንም ዕቃ አንድ በአንድ አስረከበ፦ በጨርቅ የተጠቀለለ ባለ አራት ቁራጭ የማጥመጃ ዘንግ፣ የክር ማጠንጠኛ፣ ከዶሮ ላባ የተሠሩ ዓሣ የሚያታልሉ የውሸት ዝንቦች በትንባሆ ቆርቆሮ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና ባለ ክዳን የብረት ቱቦ።

«ቱቦው ምንድን ነው?»

«የዘንጉ ማኅደር ነው።»

ከፋለ ደብተሩን ገለጠ። አቶ ሰጠኝ ተሸክሞ የሚሄደውን ዕቃ ሁሉ በግራም መዝኖ ጽፏል። የማንኪያውን እጀታ ሳይቀር ለክብደቱ ቆርጦታል። ትልቁ መረብ ቀርቷል፤ ረጅሙ ጫማ ቀርቷል። ከታች ያለውን መስመር ከፋለ ሁለት ጊዜ አነበበው፦ «የዘንጉ ቱቦ፦ ከባድ ነው፤ አዲስ አበባ ቀርቷል፤ በጨርቅ ይጠቀለላል።»

ወደ እስረኛው ሄደ።

«ድንጋዩን ለምን ጫንክ?»

«ለሚዛን ነዋ ጌታዬ። ግራው ሲከብድ ለቀኙ ድንጋይ ይጨመራል፤ አለዚያ ጭነቱ ዞሮ የበቅሎዬን ጀርባ ይልጠዋል።»

«ሲቆጡህ ምን አልካቸው?»

«‹እርስዎ ብረትዎን ያውርዱ፣ እኔም ድንጋዬን እጥላለሁ› አልኳቸው። ‹የምን ብረት?› አሉኝ። እኔ ቱቦውን አሳይቻቸው በቅሎዎቹን ላጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ሞተው አገኘኋቸው።»

«ስትወርዱስ ድንጋዩን ጣልከው?»

«እንዴት ብዬ? ብረቱ እንደከበደ ነው። ከእንግዳ ማረፊያው ደጅ እስኪራገፍ ድረስ ድንጋዩ አልወረደም።»

ከፋለ ተመልሶ ቱቦውን በእጁ አነሣው። እንደ ባዶ ቅል ቀሎ አገኘው።

በማግስቱ መኪናው ሞተሩን ሳያስነሣ፣ ሁሉንም በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሰበሰበ። በልጅነቱ ፊደል ያስቆጠሩትን የኔታ ገብረ ሊባኖስንም አስጠርቶ ነበር።

«ዳዊት አልደግም ብለህ ያስቸገርከኝ፣ ዛሬ ደግሞ ዓሣ ልታስደግመኝ ነው?» አሉት።

«ትንሽ ይታገሡኝ፣ የኔታ።» ከዚያም ወደ ረዳቱ ዞረ። «ሙሉሃብት፣ እስቲ ዘንጉን ወደ ማኅደሩ መልሰው።»

ሙሉሃብት አራቱን ቁራጮች ወደ ቱቦው ከተተ። እያንዳንዳቸው አንድ ስንዝር ያህል በአፉ ላይ ተርፈው ቀሩ። ገፋቸው፤ አልገቡም።

ከፋለ ድምፁን ሳያነሣ አስረዳ። ለክብደቱ ማንኪያ የቆረጠ ሰው ለዘንጉ የማይበቃ ቱቦ ተሸክሞ አይወጣም፤ የራሱንም እንኳ አዲስ አበባ ትቶታል። ስለዚህ ቱቦው የሌላ ሰው ነው። ሲወጣ ከባድ ነበር፤ ሲወርድም ከባድ ነበር፤ የባለበቅሎው ድንጋይ ምስክር ነው። ዛሬ ባዶ ነው። እንግዲህ በውስጡ የነበረው የወጣው ከእንግዳ ማረፊያው ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያ የሚያድረው ደግሞ ሙሉሃብት ብቻ ነው። የቱቦው አፍና የሟቹ ቁስል ደግሞ አንድ ልክ ናቸው።

«ፍራሽህን ዛሬ ጠዋት ፈትቼዋለሁ፤» ብሎ የተጠቀለለ ብራና በጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

የኔታ ጎንበስ ብለው ጽሕፈቱን አዩ። በጥቅምት እርሳቸው ከሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን፣ ከጥራዙ ተቆርጦ የተሰረቀው የወንጌል ብራና ነበር።

«ታዲያ ይህን ተሸክሞ ተራራ ለምን ይወጣል?» አለ ሞላ።

«ቤት ለቤት የምትፈትሹት እናንተ አይደላችሁም? የመንግሥት ደብዳቤ ያለበትን ጭነት ግን አትነኩም።»

ሙሉሃብት ወንበር ሳይፈልግ መሬት ላይ ተቀመጠ። «ባይከፍተው አልነካውም ነበር፤» አለ። «ቱቦውን በመዳፉ ላይ አድርጎ ሲያመዛዝነው አየሁት። ያ ሰው ያልመዘነው ነገር አልነበረም። ብራናውን አይቶ ለሞላ ሊነግር ሲነሣ፣ ቱቦውን ቀምቼ በእርሱ መታሁት።»

ሞላ በምስጋኑ ስም የተጻፈውን ወረቀት እያየ፣ ማኅተም ከተመታበት በኋላ መሻር እንደማይቻል አጉረመረመ።

«እንግዲያው ምስጋኑ በተሳፈረበት መኪና እኔም እሳፈራለሁ፤» አለ ከፋለ። «ወልድያ ላይ አንተ መጻፍህን፣ እኔ ማጣራቴን እንናገራለን።»

ሞላ የኔታን አየ፤ የተዘረጋውን ብራና አየ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው።

ምስጋኑ እጁ ሲፈታ ያስቀደመው ምስጋና አልነበረም፤ ከታሰረ ጀምሮ በቅሎዎቹን ማን ውሃ እንዳጠጣቸው ጠየቀ። የኔታ የደብሩ ሰዎች እንዳጠጧቸው ሲነግሩት ሄደ።

መኪናው ሙሉሃብትን ጭኖ ወረደ። ከፋለ በጽሕፈት ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ፣ በዚያው ወር በዚያው መኪና የወረዱትን ሰዎች አንድ በአንድ በስማቸው አሰበ። ለእነርሱ የጠየቀ አልነበረም፤ እርሱም አልጠየቀም። የኔታ አጠገቡ ተቀምጠው፣ ስማቸውን ንገረኝና በጸሎት አስባቸዋለሁ አሉት። ሲቆጥርላቸው ረፈደ።

አንባቢ ሆይ፣ ቤትህን የሐሰት ምስክር አይድፈረው፤ ከደጅህ የወጣው ሁሉ በሰላም ይመለስልህ፤ ለተገፋ የሚጠይቅ ሰው ከቤትህ አይታጣ። አሜን።