የለም የሚል ሳጥን

ኦሊያድ ለአንድ ፍሪጅ ጠጋኝ፣ የቀረበለት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ ስለ ኮምፒውተር ፕሮቶኮል ያስረዳው በስህተት ነው።

ጥፋቱ የአለቃው የመሐንዲስ ሂሻም ነበር። ካርቱም አርካዊት ሰፈር ካለው ቢሮ ወደ ዴም ሰፈር ሲልከው፣ ያረጋል ሱቅ ሄዶ ከቢሮው ጋር የሚያገናኘውን አንቴና ጣሪያው ላይ እንዲተክልና አብሮት ከሚሠራው ሰው ጋር እንዲተዋወቅ ከመንገር በቀር ሌላ አላለውም። ሱቁ ውስጥ የተገኘው ሰው ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ጸጉራቸው የነጣ፣ እጃቸው በግራሶ የጠቆረ፣ የፍሪጅ ሞተር ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ አዛውንት። ኦሊያድ ሰውን በመልኩ መፍረድ ነውር ነው ብሎ ጀመረ። ለክሊኒኮች ሊሠሩት ያሰቡትን ትንሽ ሳጥን፣ ሳጥኑ የሚሠራበትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ አንድ ኮምፒውተር ሩቅ ያለውን ፋይል እንደ ራሱ አድርጎ የሚከፍትበትን ስምምነት፣ አንድም ሳያስቀር ተረከላቸው። አቶ ያረጋል በትዕግሥት ሰሙት። ሲጨርስ ሞተሩን መሬት አስቀመጡና ወደ ጓዳ ዞሩ።

«ጸሐይወርቅ፣ ነይ እንግዲህ፤ እንግዳሽ መጥቷል።»

ላፕቶፕ ታቅፋ የወጣችው ልጅ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ጥሩ ነው ያስረዳኸው» አለችው። «አባባ ከነገ ጀምሮ ፍሪጅ ይተዋል።»

ካርቱም ተወልዳ ያደገች ናትና አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም፤ በየመሀሉም ዓረብኛ ይገባበታል። ኦሊያድን እፍረት ላብ በላብ አደረገው። ያን ቀን አንቴናውን ሲተክል ሁለት ጊዜ ከመሰላሉ ሊወድቅ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀና ብላ እያየችው ነበር።

ሥራው ለሁለት የተከፈለ ነው። ኦሊያድ የሳጥኑን ወገን ይጽፋል፤ እሷ የጠያቂውን፣ ከሩቅ ሆኖ ፋይል የሚጠይቀውን ኮምፒውተር ወገን። በመካከላቸው አንድ የስምምነት ፋይል አለ፤ ጠያቂው ሊጠይቅ የሚችለው ነገር ሁሉ እዚያ ቁጥር ተሰጥቶት ይደነገጋል። እዚያ ያልተደነገገ ነገር ለሁለቱም ወገን እንደሌለ ነው። ዜሮ ቁጥር ባዶ ጥሪ ነው፤ ምንም አይጠይቅም፣ ሳጥኑም «አለሁ» ከማለት ሌላ አይመልስም። ቀጥሎ ፍለጋ አለ፤ ጠያቂው የፋይል ስም ይልካል፣ ሳጥኑ «አለ» ወይም «የለም» ይላል። ከዚያ ማንበብ ይመጣል፤ ከዚያ መጻፍ። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ይደነግጉ ነበር።

ኦሊያድ በዚህ መሀል ዴም መመላለስ አበዛ። አንቴናው ዘመመ ይላል፤ ባይዘምም ያዘምመው ነበር። ነቀምት የጀመረውን ትምህርት አቋርጦ ሲወጣ ካርቱም መንገዱ እንጂ ቤቱ አልነበረችም። ሊቢያ ነበር ሐሳቡ፣ ከዚያም ባሕሩን መሻገር። የቀን ሥራ ሲሠራ ቆይቶ ነው በአገር ልጅ ጥቆማ መሐንዲስ ሂሻም ጋ የገባውና በቢሮው ጓሮ ክፍል ማደር የጀመረው። የሊቢያው ደላላ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይደውልለታል፤ እሱም፣ ዴም ሆኖም ቢሆን፣ ያነሣል።

አቶ ያረጋል ዓይናቸው ሞተር ላይ ቢሆንም ምንም አያመልጣቸውም። አንድ ቀን ብቻውን አስቀርተው አነጋገሩት።

«ልጄ፣ አንተ መንገደኛ ነህ። መንገደኛን አልነቅፍም፤ እኔም መንገደኛ ሆኜ ነው እዚህ የቀረሁት። ግን እናቷ ካረፈች ወዲህ እኛ ሁለት ነን። ሁለት ይበቃናል።»

ኦሊያድ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። በማግስቱ አንቴናው እንደገና ዘመመ።

ጠቡ የተነሣው ማንበብ የሚለው ላይ ሲደርሱ ነው። ጠያቂው እያነበበ ሳጥኑ መሀል ላይ ዝም ቢልስ? ኦሊያድ ጠያቂው ጥቂት ሞክሮ ይተው አለ፤ ማሽኑ ፊት ላለው ሰው እንዳልተቻለ ይንገረውና ሰው ወደ ሌላ ሥራው ይሂድ። እሷ ራሷን ነቀነቀች።

«ይጠብቅ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪመለስ።»

«ካልተመለሰስ? ሰው እኮ ተገትሮ ይቀራል፣ ጸሐይ።»

«ዝም ያለ ሁሉ ሞቷል እንዴ?»

ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። ላፕቶፑን ቀስ ብላ ከደነችው።

«አንተ ለሁሉ ነገር መውጫ በር ትሠራለህ» አለችው። «የሊቢያው በርም ክፍት ነው፣ አይደል? ሳሕ?»

እውነት ነበር። ሰው በሐሰት ሲከሰስ ምላሱ ይፈታል፤ በእውነት ሲያዝ ግን ቦርሳውን ይፈልጋል። ኦሊያድም ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። በስምምነቱ ፋይል ውስጥ ከፍለጋ በኋላ ያለው ቦታ ባዶውን ቀረ።

ጠቡ ሳይበርድ፣ ረመዳን ሊያልቅ ሲል፣ ካርቱም አንድ ቅዳሜ ጠዋት በተኩስ ነቃች።

መጀመሪያ እንደሌላው ጊዜ መስሏቸው ነበር፤ ዛሬ ተተኩሶ ነገ የሚቆም። አልቆመም። መሐንዲስ ሂሻም ለሥራ ፖርት ሱዳን እንደሄደ እዚያው ቀረ። ቢሮው ውስጥ ኦሊያድና «ዓም»፣ አጎቴ፣ እያለ የሚጠራቸው ዘበኛው ጂብሪል ብቻ ተዘጋባቸው። ከመንገዱ ጥግ ታጣቂዎች ሰፍረዋል፤ አንድ ጎረቤት ዳቦ ፍለጋ ወጥቶ በሩ ሥር ወድቆ ሲቀር በመስኮቱ ስንጥቅ አይተዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወደ መስኮቱም አልቀረቡም። መብራት ጠፋ። ስልክ ጠፋ። የጣሪያው ታንከር ውሃ በኩባያ ሆነ። ኦሊያድ ከግድግዳ ግድግዳ ይመላለሳል፤ ሆዱን የሚበላው ረሃቡ ሳይሆን ያን ቀን ሳይመልስላት መውጣቱ ነበር። ከተማው ሁሉ ሲጨልም የሚሠራ ነገር ቢኖር ጣሪያው ላይ ያለው የፀሐይ ኃይል ብቻ ነው፤ እሱም አንቴናውንና ሳጥኑን ያኖራል፤ የዴሙም አንቴና እንዲሁ በራሱ ፀሐይ ይሠራል።

አንድ ጠዋት እጁ ሥራ ሲያጣ የሳጥኑን መዝገብ ከፈተ። ከዴም ጥሪ እየመጣ ነው። ዜሮ ቁጥር። እንደገና ዜሮ ቁጥር። ይህ ጥሪ ሰው በእጁ ካልላከው አይሄድም። ቀጥሎ ፍለጋ መጣ፤ «ኦሊያድ» የሚባል ፋይል። ሳጥኑ «የለም» ብሎ መልሷል።

ፕሮግራሟ ተበላሸ ብሎ አሰበ። እንደዚህ የሚባል ፋይል ማንም አስቀምጦ አያውቅም። ወደ ታች ሲወርድ ግን «ኦሊያድ አለህ ወይ» የሚል ፋይል ተፈልጎ አገኘ። የለም። «ኦሊያድ አለህ ወይ»። የለም። «በእናትህ አለህ ወይ»። የለም።

ነገሩ የገባው ያኔ ነው። የሌለ ፋይል መፈለግ ማንም አይከለክላትም፤ የምትፈልገው ስም ደግሞ እሱ ጋ ይደርሳል። ብልሃቷ አስደነቀው፤ ወዲያው ደግሞ ደሙ ፈላ፤ እሱ በሕይወት ተቀምጦ ሳለ ይህ ቆርቆሮ በእሱ ፋንታ የለም፣ የለም እያለ ሲመልስላት ኖሯል። ሊጽፍላት ፈለገ። ግን ቢጽፍ ልታነብ አትችልም፤ የተጣሉት ማንበብ ላይ ነውና ገና አልተደነገገም። የሚችለው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ውስጡ ባዶ የሆነ ፋይል ፈጠረና ስሙን «ኦሊያድ አለህ ወይ» አለው።

ዓም ጂብሪል ጎኑ መጥተው ተቀመጡ። ምን እንደሚጠብቅ ባያውቁም አብረውት ጠበቁ።

ፍለጋው መጣ። ሳጥኑ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አለ» አለ።

ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» የሚባል ፋይል ተፈለገ። የለም፣ አለ ሳጥኑ። ኦሊያድ እየሳቀ ዕንባው ወረደ፤ ዓም ጂብሪልም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ ይፈጥራል። ለስም የተፈቀደው ቦታ ጠባብ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ይልቅ ቦታ ይበላል፤ ስለዚህ ቃሏ ሁሉ አጭር ነበር። ጥያቄዋ ከእሱ በፊት ሳጥኑ ጋ ስለሚደርስ የመጀመሪያው መልስ ሁልጊዜ «የለም» ነው፤ ታግሣ ደግማ መጠየቅ አለባት። እሱም እንቢ ማለት አይችልም፤ ዝም ከማለት በቀር። «ቆስለሃል» ብላ የጠየቀችው ቀን ዝም አለ፤ አልቆሰለማ። እሷ ግን ያላየው መስሏት ደጋግማ ደጋግማ ጠየቀች። በመጨረሻ ራሷ ነቃችና «ደህና ነህ» አለች፤ እሱም ፈጠረው። ከዚያ ወዲያ ጥያቄዎቿን ሁሉ አዎ በሚያስብል መንገድ ታበጃቸው ጀመር።

«ውሃ አለህ»። ፈጠረው፤ ጥቂት ቢሆንም። «ናፍቄሃለሁ»። ይህን ለመፍጠር ሲቸኩል ፊደል ተሳስቶ እንደገና ሠራው። አንድ ቀን ደግሞ «ያን ቀን እኔ ነኝ ያጠፋሁ» የሚል መጣ። ይህን አልፈጥርም አለ። ስትደጋግምም አልፈጠረውም፤ አላጠፋችማ። ዝምታውን ምን ብላ እንደተረጎመችው ያወቀው ቀጥሎ በመጣው ቃል ነው፤ «ግትር»። እሱን ቶሎ ፈጠረላት።

እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። ታንከሩ ሥሩ ታየ። ከዚያ አንድ ማለዳ ቃሎቹ ተከታትለው መጡ።

«ጎረቤት ቤት ተመታ»። «አባባ ባስ አገኘ»። «ዛሬ ገዳሪፍ እንሂድ ይላል»። «ያላንተ አልሄድም»።

በመጨረሻም «ትመጣለህ»።

የለም፣ አለ ሳጥኑ። «ትመጣለህ»። የለም። «ትመጣለህ»። የለም።

ኦሊያድ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ዝም ቢል ትቀራለች፤ ዝም ያለ ሁሉ ለእሷ አልሞተም። ሳጥኑን ቢያጠፋውም ያው ነው፤ የጠያቂውን ወገን የጻፈችው እሷ ናት፣ እስኪመለስ የሚጠብቅ አድርጋ ነው የጻፈችው። ቤቱ እላይዋ ላይ እስኪፈርስ ማሽኑ ፊት ትቀመጣለች። ፋይሉን ፈጥሮ ባይሄድስ? ያ ከሁሉ ይብሳል። ሳጥን ያላደረገውን አደረግሁ እንዳይል ሁለቱም ሳይከራከሩ የተስማሙበት ሕግ ነበር። እሷን ከዴም የሚያወጣት አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ከዚህ በር ይጀምራል። ስንት ቀን ሙሉ የፈራው በር ነው። ቢሆንም ተነሣ።

ዓም ጂብሪል ሐሳቡን ሲሰሙ አልከለከሉትም። ባዶ ጀሪካን አመጡና የታንከሩን የመጨረሻ ውሃ ግማሽ ሞሉለት። ኦሊያድ ውሃው የእርስዎ ነው ብሎ ቢሟገትም እጁን ይዘው አስጨበጡት፤ ማታ ከመስጊዱ ጉድጓድ እቀዳለሁ አሉት።

«ውሃ የያዘን ሰው ያሳልፉታል» አሉት። «የወጣው ለቤቱ ነው፣ ይመለሳል ይላሉ። አንተ ግን አትመለስ፣ ልጄ። ያላ፣ ሂድ።»

ኦሊያድ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ «ትመጣለህ» የሚል ባዶ ፋይል ፈጠረ። እስክትጠይቅ አልጠበቀም።

መንገዱን በኋላ እንዴት እንዳለፈው ሲጠየቅ በደንብ አያስታውስም። የተቃጠሉ ባጃጆች፣ በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ሱቅ፣ ከግድግዳ ሥር እየታከኩ መሄድ። አንድ ጢሙ ገና ያልወጣ ታጣቂ መሣሪያ ደቅኖ አስቆመውና ወዴት እንደሚሄድ ጠየቀው። «ወደ ቤቴ» አለ ኦሊያድ በዓረብኛ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ራሱን ገረመው፤ ካርቱም ውስጥ ብሎት አያውቅም። ታጣቂው ከጀሪካኑ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ አሳለፈውም።

ዴም ሲደርስ ከሱቁ ፊት ጣሪያው ድረስ ሻንጣ የተጫነበት ባስ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሾፌሩ ይጮኻል። አቶ ያረጋል ባሱ ውስጥ ገብተው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መለመን ደክሟቸው በመስኮቱ ልጃቸውን ዝም ብለው ያያሉ። እሷ የሱቁ ደፍ ላይ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ከፍታ ተቀምጣለች።

ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። ዓይኗ ከፊቱ ወደ እግሩ፣ ከእግሩ ወደ ፊቱ ሲሄድ ብዙ ቆየ፤ አንድም ነገር እንዳልጎደለ የምትቆጥር ይመስል ነበር።

«ሳጥኑ አለ አለኝ» አለችው።

«እስከ መቼ ልትጠብቂ ነበር?»

መልሱን ታውቃለህ በሚል ዓይን አየችውና ላፕቶፑን ከደነችው። ያን ቀን እንደከደነችው ግን አልነበረም።

«ማንበብ የሚለውን አንቺ እንዳልሽው እንጻፈው» አላት። «ይጠብቅ።»

«የሊቢያውስ በር?»

«ስወጣ ቆልፌ ቁልፉን ለዓም ጂብሪል ሰጠኋቸው።»

ሳቋ መጣ፤ ዕንባዋ ቀደመው። እጁን ያዘችው፣ እሱም አልለቀቀም፤ አባቷ እያዩ ነበር፣ ይዩ።

የባሱ ረዳት ትዕግሥቱ አልቋል። በሩ ላይ ቆሞ መጀመሪያ ሁለቱን፣ ቀጥሎ ጀሪካኑን አየና ወደ ውስጥ ዞሮ አዛውንቱን ስንት እንደሆኑ ጠየቃቸው። ሁለት ብለው ነው ያስመዘገቡት።

አቶ ያረጋል ልጃቸውን አዩ። የኦሊያድን አቧራ የጠጣ ጫማም አዩ። ከጎናቸው ያለውን ቦርሳ አንሥተው ጭናቸው ላይ አደረጉት።

«ሦስት ነን» አሉ።