ደረቱ ላይ ያረፈው እጅ

ሩሃማ ያን እጅ በተሳሳተ መንገድ ተርጉማው እንደ ነበር አልካደችም። አበጀ በአሜሪካ፣ በሲልቨር ስፕሪንጉ የአበሾች ቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ፊት ቆሞ ወገቡን እንዳመመው ተናግሮ ጸልዩልኝ ባለ ጊዜ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ደምሴ እጁን ወገቡ ላይ ሳይሆን ደረቱ ላይ ጫነ። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ልብ ጠግን» አለ። በሽታን ከሰው ዓይን መሸሸግ ልማዳችን ነውና፣ አበጀ የልቡ ቫልቭ፣ ደም የሚያሳልፈው በር፣ መጥበቡን ከሚስቱ በቀር ለወዳጅ ዘመድ አልተነፈሰም ነበር። የሸሸገው ሲነካበት አነባ። ሩሃማም መገለጥ መስሏት አብራው አነባች።

አሁን አበጀ ሞቷል። እዚያው አቅራቢያ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ በሚሠራበት መኪና ማቆሚያ፣ ትኬት መሸጫው ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ ተገኘ። የገደለው ልቡ ለመሆኑ ክርክር አልነበረም፤ ያከራከረው ሊያድነው ይችል የነበረውን ቀዶ ጥገና ማን እንደ ከለከለው ነው። ሚስቱ ከበቡሽ በመድን ምርመራ ሥራ ያረጀችውን ሩሃማን ያስጠራቻት ለዚህ ነበር።

«የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ከበቡሽ። «ስፕሪንግፊልድ ባለው በመሥሪያ ቤቴ ኢንሹራንስ ላስመዝግብህ ብለው፣ እግዚአብሔር ራሱ ልቤን ነክቶታል፣ እጠብቃለሁ አለኝ። የምዝገባው ጊዜ አለፈ። እግሩ ላይ ወድቄ መለመን ነበረብኝ።»

ለቅሶ ቤቱ ግን ጣቱን የቀሰረው በሐኪሙ ቢሮ ጸሐፊ በነጃት ላይ ነበር፤ መድኑ ቀዶ ጥገናውን እንዲከፍል የሚጠይቀውን ወረቀት ሳትልክ ረስታ ነው ተባለ። ሩሃማ ሄዳ አነጋገረቻት። ነጃት በጊዜው መላኳን፣ የመድን ድርጅቱ ሐኪሞችም ደግፈውት እንደ ነበር አስረዳቻት።

«አፕሩቭ አድርገው ሊፈቅዱት ነበር እኮ» አለች። «ከዚያ ከላይ ዲናይድ፣ አይፈቀድም ተባለ። ከየት እንደሆነ ለእኛ አይነግሩንም።»

ሩሃማ ግን ከየት እንደሆነ ታውቃለች። የመድን ካርዱ ላይ ስሙ የታተመው ድርጅት ወረቀት አመላላሽ ነው፤ በእንዲህ ያለው መድን ከኪሱ የሚከፍለው፣ በመጨረሻም እሺ ወይም እምቢ የሚለው አሠሪው ራሱ ነው። የመኪና ማቆሚያው ባለቤት ደግሞ ደምሴ።

ደምሴ በትሕትና ተቀበላት። ይህን የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ወንድሜነህ እንደሆነ፣ እርሱ ራሱ ግን የታማሚ ስም እንኳ እንደማያይ ነገራት። «ደግሞስ እህት ሩሃማ፣ እኛ የምናውቀው ወገቡን ነው። ልቡን የሰማሁት ከሞተ በኋላ ነው።» ወንድሜነህ አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

በቀብሩ ዋዜማ ሁሉም ከበቡሽ ቤት ተሰበሰቡ።

«ወንድም ደምሴ» አለች ሩሃማ፣ «ወገቤን ላለ ሰው ስለ ልቡ ለምን ጸለዩ?»

«መንፈስ ገልጦልኝ።»

«ከተገለጠልዎት ያኔ አውቀዋል ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ከሞተ በኋላ ሰማሁ ብለውኛል። አበጀ ለሰው አልተናገረም። ከበቡሽ ምስጢሩን ጠብቃለታለች። ነጃት እርስዎን አይታ አታውቅም። ከእነርሱና ከሐኪሞቹ ሌላ ልቡ መታመሙን የሚያውቅ፣ ጥያቄው የመጨረሻ ውሳኔ ፈልጎ የመጣበት ቢሮ ብቻ ነው።»

«ወንድሜነህን ጠይቂው።»

«እኔ ይፈቀድለት ብዬ ነበር፣ ጋሼ» አለ ወንድሜነህ ቀስ ብሎ። «እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት። በዚያው ሰሞን እሑድ ደግሞ እጅዎን ሲጭኑበት አየሁ።»

ደምሴ ተቀመጠ። በዚያ ሁሉ ወጪ አንዱን ቢያሳክም የሌላው ሠራተኛ ሁሉ መድን ይፈርስ እንደ ነበር አስረዳ፤ ይህ ምናልባት እውነት ነበር። «እጄን የጫንኩት አንጀቴን ስለበላኝ ነው» አለ።

ከበቡሽ እስከዚያ ቀን አንተ ብላው አታውቅም። «ታዲያ አፍህ የት ሄዶ ነበር? ፊት ለፊት እምቢ ብትለው ኖሮ ተአምር ሳይጠብቅ እኔ ጋ ይመዘገብ ነበር። ያስቀረው እጅህ ነው።»



ከበቡሽ ደምሴን የቀብሩን ጸሎት እንዳይመራ ከለከለችው። ባሏን ከሪቨርዴል ፓርክ በመጣ ፓስተር አስቀበረች፤ ከዚያም ጠበቃ ይዛ ደምሴን ከሰሰች።