ከሐዊ ጎን የሚቆም

«መምህር ታዴዎስ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል። ፖሊስ ነኝ፤ ቶሎ ነይ» የሚለው ስልክ ሲደወልላት፣ ሐዊ ከዩኒቨርሲቲው ዲሲፕሊን ኮሚቴ ጸሐፊ ቢሮ ገና መውጣቷ ነበር። ጸሐፊው ዶክተር ተክለወልድ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት «ሌላ አማካሪ ፈልጊ፤ ካጣሽም ከሰዓት በኋላ ብቻሽን ትቀርቢያለሽ» ብሎ ሸኝቷታል። ወይ ቀን! ሌላ አማካሪ ከየት ይምጣ? የተሰረቀ የፈተና ጥያቄ ስልክሽ ላይ ተገኘ ተብላ ከተከሰሰች ወዲህ መምህራኑ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። «ደንቡ አማካሪ ይዛ ትቅረብ ይላል፤ እኔ እቆምላታለሁ» ያለው ታዴዎስ ብቻ ነው። ትናንት ደግሞ «ጥያቄውን ያወጣውን ሰው ደርሼበታለሁ፤ ነገ ኮሚቴው ፊት እናገራለሁ» ብሏት ነበር። ስሙን ግን አልነገራትም።

አምቦ ያሉት እናቷ ለምርቃቷ በግ እየቀለቡ ነው። ስለ ክሱ የሰሙት ነገር የለም፤ እሷም የመናገር አቅም አላገኘችም።

ሆስፒታል በባዶ እጅ አይገባምና ከበሩ ላይ ጁስ ገዝታ ገባች። አግዳሚው ላይ መምህር አቡበከር ሾርባ የያዘ ፔርሙስ ታቅፎ ተቀምጧል። ከታዴዎስ ጋር በትምህርት ክፍል ኃላፊነቱ የተነሳ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ወዲያው ተክለወልድ ዓይኑን በመሐረብ እየጠረገ ደረሰ። አንዲት አጭር ሴት ከበሩ ቆማ ሦስቱንም ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው። ኢንስፔክተር ጣይቱ ነበረች፤ የጨንቻ ልጅ ናት፣ አትቸኩልም። በሽተኛውን ሳታሳያቸው አንድ በአንድ ወደ ክፍል አስገባቻቸው።

«ተጣልታችኋል ይባላል» አለችው አቡበከርን።

«ተጣልተናል፤ አልዋሽም። ግን ታሟል ሲሉኝ ምን ላድርግ? ባለቤቴን ሾርባ ሥሪ አልኳት።»

ሐዊ ያለውን ሁሉ ነገረቻት፣ የጠዋቱንም ጭምር።

«ዶክተሩ ሌላ አማካሪ ፈልጊ ሲልሽ እኔ ደውዬልሽ ነበር?»

«ኧረ ገና ነበር!»

ጣይቱ ይህን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

የታዴዎስ እህት ማርያም ከምዕራብ ዓባያ መጥታ በወጉ መርዶዋን ከተረዳች በኋላ ነው እውነቱ የወጣው። ታዴዎስ ታሞ አልነበረም። ጠዋት ከከተማው ወጣ ብሎ ላንቴ፣ የሙዝ እርሻ ቦይ ውስጥ፣ ራሱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኝቷል። ሐዊ መሬት ላይ ተዘርፍጣ አለቀሰች። ለሰውየውም ለራሷም ነበር የምታለቅሰው፤ የቱ እንደሚበልጥ አላወቀችም።

ኮሚቴው ግን ቀጠሮውን አላራዘመም። «ደንቡ አማካሪ ይፈቀዳል ይላል እንጂ ግድ ነው አይልም» አሏት ሰብሳቢው። ብቻዋን ቆመች። ተክለወልድ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል። «አልሰረቅሁም» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ከትምህርት ተባረሽ አሏት።

አመሻሽ ላይ ጣይቱ መምህራኑንም ሐዊንም መምህራን ክበብ ሰበሰበቻቸው።

«ሙዙ ትናንት ውሃ ጠጥቶ ነበር» ብላ ጀመረች። «ገበሬዎቹ ሬሳውን ሲያወጡ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ነው። የሟቹ የጫማ ሶል ግን ጭቃ አልረገጠም። በእግሩ አልሄደም፤ በመኪና አምጥተው፣ ተሸክመው ጥለውታል።»

«መኪና መያዝ ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ተክለወልድ።

«አልሆነም። ግን እኔ ለማንም ሳልደውል፣ ታዴዎስ እንደማይመጣ በምን አወቁ? ይህቺን ልጅ ሌላ አማካሪ ፈልጊ ብለዋታል።»

«ትናንት መንገድ ላይ አግኝቼው አሞኛል፣ ነገ አልመጣም አለኝ።»

«እንግዲያው መታመሙን ከሁሉ ቀድመው የሰሙት እርስዎ ነዎት። መምህር አቡበከር፣ ዶክተር ሰው ሲጠይቁ እንዴት ናቸው?»

«ኧረ የእሳቸውስ! የጥበቃው ሚስት ስትወልድ እንኳ ዶሮ አንጠልጥለው ነው የሄዱት።»

«እኛ ዘንድ የሞተ ሰው መርዶው እስኪነገር ድረስ ታሟል ነው የሚባለው» አለች ጣይቱ። «እኔም በዚሁ ወግ ጠራኋችሁ። የተኳረፈው ሾርባ ይዞ መጣ። ተማሪዋ ጁስ ይዛ መጣች። እርስዎ መሐረብ ብቻ ይዘው መጡ። ለሬሳ ጁስ አይገዛማ! አሁን ደግሞ መኪናዎ ተፈትሾ ከኋላ ወንበሩ ደም፣ ከፔዳሉ የቦዩ ጭቃ ተገኝቷል።»

ተክለወልድ መሐረቡን ጨመደደ። «ቢሮዬ ገብቶ አፈጠጠብኝ። ገፋሁት፤ የጠረጴዛው ጠርዝ መታው። ልገድለው አላሰብኩም።»

«ለምን አፈጠጠብዎት?»

«ስለ ፈተናው ነው!» ሐዊ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ይንገሯቸው! ስለ እግዚአብሔር ይንገሯቸው!»

«ስለ ፈተና የማውቀው የለም» ብሎ ተክለወልድ አፉን ዘጋ። የእህቱ ልጅ ከሐዊ ጋር አንድ ክፍል ናት፤ ጥያቄውን ለማን እንዳወጣና ለምን ዝም እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ግምት ግን ለማስረጃ አይሆንም። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ሞቷል።

ፖሊሶቹ ተክለወልድን ይዘውት ሲወጡ ሐዊ ወደ ጣይቱ ዞረች። «ጠዋት ደርሰውበት ነበር እኮ። ኮሚቴው ሳይቀመጥ ለምን አልያዙትም?»

«የመኪናውን ፍተሻ እየጠበቅሁ ነበር፣ ልጄ።» ጣይቱ አንገቷን ደፋች። «የአንቺ ቀጠሮ ከሐሳቤ ወጣ። አልዋሽሽም።» ከዚያ ወደ መምህራኑ ቀና አለች። «ይግባኝ አላት አይደል? አማካሪ ይፈቀዳል?»

«ይፈቀዳል» አለ አቡበከር።

«ታዲያ ከመካከላችሁ ማን ይቆምላታል?»

አንዷ ቦርሳዋን መጎርጎር ያዘች፤ ሌላው ስልኩን አወጣ። ሐዊ እያንዳንዳቸውን አየች።

«የልጆች አባት ነኝ፣ እህቴ» አለ አቡበከር በመጨረሻ። ተነስቶ እጇን ጨበጣት። «አላህ ያጽናሽ።»

የቀሩትም ተነሱ። ልክ የሟች ዘመድ እንደሆነች ሁሉ፣ ተራ በተራ እጇን እየጨበጡ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» እያሉ ወጡ።