አሥራ አራተኛው ገጽ

አሮጊቷ ጠዋት አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኙ። ኩላሊታቸው የደከመ ነበር። አዲሱን መድኃኒት ሦስት ቀን በሙሉ መጠን ወስደዋል።

ያዘዘላቸው ጀማሪ ሐኪም ታሰረ። የተማርኩትን ነው ያደረግኩት እያለ የስልጠናውን ጽሑፍ ለፖሊስ መርማሪዋ ሰጣት። ገለጠችው። ከገጽ አሥራ ሦስት ቀጥሎ አሥራ አምስት።

የሌሎቹንም ሠልጣኞች ጽሑፍ ሰበሰበች። አርባውም እንደዚያው ነው። የስልጠናውን ወጪ የሸፈነው መድኃኒቱን የሚሠራው ኩባንያ ነበር። ምሳው ጥሩ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳሉ። ገጽ የቆጠረ የለም።

አለቃዋ በጎደለ ወረቀት ሰው አይከሰስም፣ ልጁን ፍርድ ቤት አቅርቢና ዝጊው አላት። ለምና ሁለት ቀን አገኘች።

«ሃያ ገጽ አባዝቼ አሥራ ዘጠኝ ከሰጠሁ፣ አንዷን በላኋት?» አለ ጽሑፉን ያባዛው የፎቶ ኮፒ ሠራተኛ። ቀለም ስለተዝረከረከበት ያስቀረውን ቅጂ ከመሳቢያው አወጣ። አሥራ አራተኛዋ ገጽ አለች።

ቀጥሎ የኩባንያውን ወኪል ያዘች፤ ጽሑፉን በቦርሳ አድርጎ ያደለው እሱ ነው። ሳቀባት። ጠዋት ከአስተማሪው እጅ ተቀብሎ፣ እዚያው አርባ ሰው እያየው ነበር ያደለው። አንድ ቀን እንዲሁ ባከነ።

በንዴት ጽሑፎቹን ጠረጴዛ ላይ ወረወረቻቸው። ያኔ የስቴፕለሩን ሽቦ አየች። ሁለት ቀዳዳ መሆን ሲገባው አራት። ሽቦው ተነቅሎ እንደገና ተመቷል፤ በአርባውም ላይ።

ጽሑፎቹ በስልጠናው ዋዜማ ያደሩት በአስተማሪው ሐኪም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ።

«አርባውን ብቻዎን ነቀሉት፣ ዶክተር?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ገጿ ካለች ስልጠናው የለም አሉኝ የኩባንያው ሰዎች። ሌላ የሚረዳኝ አጥቼ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። ስልጠናው ከሚቀር አንድ ገጽ ይቅር አልኩ። በቃል እነግራቸዋለሁ ብዬ ነበር።»

«ነገሯቸው?»

«ወኪሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።»

ቃላቸውን ጽፈው ፈረሙ። ወኪሉ እንዲህ ብለን አናውቅም አለ፤ የተባለው በስልክ ነውና ማስረጃ አልተገኘም። አለቃዋ የእሱን ስም ከመዝገቡ ሰረዘው። ብትከራከርም ሰሚ አላገኘች።

ጀማሪው ሐኪም ተፈታ።

«በል ወንድሜ፣ ቤትህ ግባ» አለችው።

መጀመሪያ ገጿን ልያት አለ። ቀለም የተዝረከረከባትን ወረቀት ተቀብሎ ቆሞ አነበበ። ኩላሊታቸው ለደከመ ሕሙማን የሚለው መስመር ላይ ጣቱ ቆመ።

«መጠኑ ግማሽ ነበር» አለ።

በሩ ክፍት ነው። እሱ ግን አልወጣም፤ ከላይ ጀምሮ እንደገና ማንበብ ጀመረ።