ጣሳው ውስጥ የቀረችው ባቄላ

እውነት ነው። ማመን ያልፈለገ እዚህ ላይ ያቁም... ባለታሪኩ የሻው የእናቴ ወንድም ነው። ግራ እጁ ዛሬም ከትከሻው በላይ አይነሳም።

ጊዜው ደርግ ነው፤ ኅዳር 1979 ዓ.ም። ቦታው ቢቸና። እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ።

የሻው አስተማሪ ነበር። ባንቺዓለም የምትባል የሞጣ ልጅ አብራው ታስተምራለች። ወዷታል። ከመውደዱ የተነሳ የክርስትና ስሙን ሳይቀር ነገራት።

«አካለ ወልድ ነው... በጸሎትሽ አስቢኝ።»

በእኛ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይሰጥም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ መዘዝ አለው።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ሲያስብ ታዘበው መጣ።

ታዘበው አብሮ አደጉ ነው። ዲቁናም አብረው ነው የተቀበሉት። ለእርዳታ ድርጅት ሲያስተረጉም ከፈረንጆቹ አንድ ጨዋታ ለምዶ ነበር። አንዱ ተረት ይተርካል፤ ሌሎቹ ተረቱ ውስጥ ገብተው አውሬ ይገድላሉ። እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ዳይስ፣ በየፊቱ ቁጥር የተጻፈበት የሚጣል ጠጠር፣ አለው። ታዘበው ከበሬ ቀንድ ቀርጿቸዋል፤ ለቢላ ባለ አራት ፊት፣ ለጦር ባለ ስድስት፣ ለጎራዴ ባለ ስምንት። የወጣው ቁጥር ያህል ከአውሬው ነፍስ ይቀነሳል። ነፍሱ ጣሳ ውስጥ ያለ ባቄላ ነው። ባቄላው ሲያልቅ አውሬው ይሞታል።

የሻው፣ ባንቺዓለምና ታዘበው በር ዘግተው፣ በሹክሹክታ ይጫወታሉ። ያኔ ሦስት ሰው በር ዘግቶ ከተቀመጠ ቀበሌ ሌላ ነገር ይጠረጥራል።

ባንቺዓለም ጨዋታውን ወደደችው። ተራኪውንም የወደደችው መሰለው የሻው። ታዘበው አፉን በከፈተ ቁጥር ትስቃለች... ለየሻው እንዲያ ስቃ አታውቅም። ቅናት አንገበገበው። እንቅልፍ አጣ፣ እህል አስጠላው።

የዚያን እሑድ ታዘበው፣ «የሻው፣ ለአውሬው ስም አውጣለት» አለ።

«ገብረ ክርስቶስ።»

የታዘበው ፊት ተለዋወጠ። የራሱ የክርስትና ስም ነው! አብረው ቤተ ክርስቲያን ስላገለገሉ የሻው ያውቀዋል። ባንቺዓለም ግን አታውቅም።

«ሌላ ስም ጠፋ?» አለ በቀስታ።

«ምነው፣ ፈራህ? ጨዋታ አይደል?»

የወደዳት ሴት ፊት «አዎ፣ ፈራሁ» የሚል ወንድ ከየት ይመጣል? ታዘበው ባቄላውን ጣሳው ውስጥ ጨመረ።

ባንቺዓለም የጎራዴውን ዳይስ ጣለች። አምስት።

«ትከሻው ላይ!» አለች።

ታዘበው አምስት ባቄላ አወጣ። ከዚያ... ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ።

ሦስት።

«ጎኑን!»

ታዘበውን ሳል ያዘው።

የሻው አተኩሮ አየ። የጓደኛው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ረጥቧል። ውሃ አልነበረም።

ማስቆም ይችል ነበር። «ይብቃን» ማለት ብቻ ነው። አፉንም ከፍቶ ነበር... ግን ባንቺዓለም በነጠላዋ ጫፍ የታዘበውን ላብ ጠረገችለት።

«ምቺው» አለ የሻው።

«አሞታል እኮ...»

«አውሬውን ነው ያልኩሽ። ምቺው!»

ስምንት።

ጣሳው ባዶ ሆነ። ታዘበው ጎኑን እንደያዘ ዘመም አለ።

ሳምንት ሳይሞላው ተቀበረ። ሬሳውን የገነዙት ሰዎች ያዩትን ለማንም አልተናገሩም። የሻው ፈርቷል። ግን ከፍርሃቱ ሥር ደስታ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ቄሱ ፍትሐት ሲያደርሱ፣ «ነፍሰ ገብርከ ገብረ ክርስቶስ...» አሉ።

ባንቺዓለም ከሴቶቹ መሐል ቀና አለች። የሻውን አየችው። አላለቀሰችም።

ከፋሲካ በኋላ የሻው ሽማግሌ ይዞ ሞጣ ሄደ። የሞተን ይዞ አይሞት፤ አሁን ማን ይቀናቀነዋል?

ሽማግሌዎቹ አባቷ ዘንድ ገቡ። እሱ እንደ ወጉ ውጭ ቀረ። ባንቺዓለም በጓሮ በር ብቅ አለች።

«ና... ግባ።»

ልቡ በደስታ ዘለለ። ተከትሏት ጓዳ ገባ።

ሁለት በርጩማ ፊት ለፊት ተቀምጧል። በመሐላቸው ያ ጣሳ አለ። ባቄላ አለበት።

እሷ አንዱ ላይ ተቀመጠች። ሌላው ባዶ ነው።

«ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?»

 ወደ ባዶው በርጩማ ጎንበስ አለች።

«አዲስ አውሬ አለን» አለች በሹክሹክታ። «ስሙ አካለ ወልድ ነው።»

ከባዶው በርጩማ በኩል... ዳይስ ተጣለ።

የየሻው ግራ ትከሻ ተቃጠለ። እጁን ቢሰድ ረጠበ።

ከወዲያ ክፍል የሽማግሌዎቹ ድምፅ ይሰማል። «ልጅዎን ለልጃችን እንዲሰጡን...»

ባቄላው ማንም ሳይነካው ከጣሳው ይወጣ ጀመር። አንድ... ሌላ... ሌላ...

አንዲት ቀረች።

ባንቺዓለም ጣሳውን በመዳፏ ከደነችው።

«ይብቃህ ታዘበው። ይቺ ትቆየን።»

የሻው ሊሮጥ ፈለገ። ወደ ጓሮው በር ዞረ።

«ፈቅደናል! ወስደናታል በሉ!» አሉ አባቷ ከወዲያ። እልልታው ቀለጠ።

ባንቺዓለም ወደ ባዶው በርጩማ ዞራ ሳቀች። ያንን ለየሻው ስቃው የማታውቀውን ሳቅ...

ዳይሱ ግን መሬቱ ላይ ይሽከረከር ነበር። አልቆመም።